አልታሰርም ያለው እጅጌ

«ተረት መጣ» ስላችሁ «ይግባ፣ ቦታ አለው» በሉ።

ተረት መጣ!

እንዲህ ነው እንጂ። ከጥግ በኩል ግን ያንተ ድምፅ አልተሰማኝም። እንቅልፍህ ከመጣ ሂድና ተኛ፤ እኔ ለሚያንቀላፋ ሰው አፌን አላደክምም። ነቃህ? ጥሩ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ልብስ በሚለብሱበት፣ ልብስም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ ከጫካው ዳር እመት ጉሬዛ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። እመት ጉሬዛ አንድ ነጭ ሸሚዝ ነበራት፤ ባለ ረጅም እጅጌ። አንድ ብቻ። ለሰርግም እሱ፣ ለለቅሶም እሱ፣ ለገበያም እሱ።

ይህ ሸሚዝ ደረት ነበረው፣ ጀርባ ነበረው፣ ሁለት እጅጌዎች ነበሩት። ደረቱና ጀርባው ሥራቸውን ሠርተው ዝም የሚሉ ናቸው፤ ስለ እነሱ ብዙ አላወራም። ነገር ያለው እጅጌዎቹ ዘንድ ነው። ቀኝ እጅጌና ግራ እጅጌ ወንድማማቾች ነበሩ። ከአንድ ጣቃ ተቆርጠው፣ በአንድ መርፌ ተሰፍተው፣ ቀኙ ግን ራሱን እንደ ታላቅ ያይ ነበር።

«ሰላምታ የሚሰጠው በማን ነው?» ይላል ቀኝ እጅጌ።

«በቀኝ» ይላል ግራ እጅጌ።

«የሚማለውስ?»

«በቀኝ።»

«የሚጎረሰውስ?»

«እሱም በቀኝ» ይላል ግራ እጅጌ። ሌላ ምን ይበል?

እውነቱን ለመናገር ቀኝ እጅጌ የኮራው ማዕድ ላይ ስለሚቀርብ ነው፤ የቆሸሸውም ማዕድ ላይ ስለሚቀርብ ነው። ረጅም እጅጌ አስቸጋሪ ነገር ነው። ባለቤቱ እጁን ወደ ሳህኑ በላከ ቁጥር እጅጌው ቀድሞት ይደርሳል። አንድ ድግስ ላይ እመት ጉሬዛ ወዲያ ማዶ ያለውን ሥጋ ለመያዝ ስትንጠራራ ቀኝ እጅጌ አልጫው ውስጥ ዘው አለ። የአልጫ እርድ ደግሞ ቀላል ጠላት አይደለም። በሳሙና ታጠበ፣ አልለቀቀም። በእንዶድ ታሸ፣ አልለቀቀም። በአመድ ታሸ፣ ይባስ ብሎ ደመቀ።

«ወንድሜ፣ ቆሽሸሃል እኮ» አለው ግራ እጅጌ።

«ይሄ እድፍ አይደለም፣ ማዕረግ ነው» አለ ቀኝ እጅጌ። «አንተን ማን ማዕድ ላይ ጠርቶህ ያውቃልና?»

ከዕለታት አንድ ቀን የእመት ጉሬዛ የእህቷ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሰርጉ ነገ ነው። እመት ጉሬዛ ሸሚዙን አውርዳ ዘረጋችው፤ ቢጫውን አየችና ራሷን ያዘች።

«ወይ ጉዴ! ይህን ለብሼ ነው የሙሽራ አክስት ነኝ ብዬ የምቀመጠው? ሌላ የለኝ! ምናለ ቀዳድጄ መወልወያ ባደርገው?»

እዚያ ቤት በሩ ሥር አንዲት አሮጌ ጨርቅ ነበረች፤ ገቢ ወጪው እግሩን የሚጠርግባት። እማማ ጨርቂት ይሏታል። ይህን ስትሰማ ቀና አለች።

«ኑ ልጆቼ፣ ኑ» አለች። «ቦታው ይበቃናል። እኔም በወጣትነቴ ቀሚስ ነበርኩ፤ ያውም ጥለት ያለኝ።»

ሸሚዙ ከኮሌታው እስከ ጫፉ ተንቀጠቀጠ። ቀኝ እጅጌ ሳይቀር። ማዕረግ ያለው ሁሉ ከውርደት ጋር የሚተያየው እንዲህ በድንገት ነው።

ደግነቱ እመት ጉሬዛ ሰፌድ ትሰፋ ነበር። ለሰፌዱ አክርማ የምትነክርበት ወይን ጠጅ የዱቄት ቀለም ከገበያ ገዝታ የተረፋት በቅል ውስጥ ተቀምጧል። ቅሉን አየች። ሸሚዙን አየች። ደግማ ቅሉን አየች። ከዚያ ጭኗን መታ አደረገች።

«አገኘሁት! ቋጥሬ እነክረዋለሁ። በጨርቁ ውስጥ ሽምብራ አስቀምጬ ዙሪያውን በክር አስረዋለሁ። ቀለሙ የታሰረው ውስጥ አይገባም፤ ሲፈታ ክብ ክብ ዓይን ሆኖ ይወጣል። እርዱ ያለበትንማ ከሁሉም አጥብቄ ነው የማስረው። ቢጫው በወይን ጠጁ መሀል ቁጭ ሲል ሆን ብዬ ያሳመርኩት ነው የሚመስል። ካማረ አብረን ሰርግ እንሄዳለን። ካላማረ ግን…»

ካላማረ የሚሆነውን አልጨረሰችም። ወደ በሩ ሥር ብቻ አየች።

«እኔ ጠጋ ብያለሁ» አለች እማማ ጨርቂት።

እመት ጉሬዛ እግሯን ዘርግታ ማሰር ጀመረች። ሽምብራ ታስቀምጣለች፣ ጨርቁን ትሰበስባለች፣ ክሩን ታዞራለች፣ በጥርሷ ትስባለች። ሽምብራ፣ ጨርቅ፣ ክር፣ ጥርስ። ሽምብራ፣ ጨርቅ፣ ክር፣ ጥርስ። ደረትን አሰረች፤ ደረት ዝም አለ። ጀርባን አሰረች፤ ጀርባ ዝም አለ። ግራ እጅጌን አሰረች፤ «እህህ» ብሎ ቻለው። ቀኝ እጅጌ ዘንድ ስትደርስ እድፉ ብዙ ነውና አብዝታ፣ አጥብቃ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ አሰረችው።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«እኔን?» አለ ቀኝ እጅጌ። «እኔን ቀኙን እንደ በግ ሌባ የፊጥኝ? ግራው ይታሰር፣ እሱን ማን ያየዋል! ሰላምታ የሚሰጥብኝን፣ የሚማልብኝን እኔን?»

«ይችን ታህል ቻል» አለችው እመት ጉሬዛ። «ነገ አንተው ታመሰግነኛለህ።»

ይህን ብላ ድስቱን በውሃ ሞልታ ጣደች፣ ቀለሙን በጠበጠች። ማገዶው እንደማይበቃ ስታይ ደግሞ ጭራሮ ልትለቅም ወደ ጫካው ወጣች።

እመቤቲቱ ከበሩ እንደወጣች ቀኝ እጅጌ ድምፁን አለሰለሰ።

«እትዬ ክር» አለ። «አንቺም ጥጥ ነሽ፣ እኔም ጥጥ ነኝ። የአንድ ማሳ ልጆች ነን። ዘመድ ዘመዱን ያስራል?»

«ልጄ» አለች እትዬ ክር፣ «ባዳማ አላልቶ ነው የሚያስር። አጥብቆ የሚያስረው ዘመድ ነው።» ይህን ብላ እንደያዘችው ቀረች።

ቀጥሎ ዶሮ መሬቱን እየጫረች ገባች።

«እሜቴ ዶሮ! የዚችን ክር ጫፍ ይዘሽ ሳብ አድርጊልኝ።»

«ብስብልህ ምን አገኛለሁ?»

«ምስጋና።»

«ምስጋና ይለቀማል እንዴ?» አለች ዶሮ። ሆኖም የተንጠለጠለ ክር አይታ ማለፍ አትችልምና በመንቆሯ ያዘችው፤ እግሯን ተክላ ሳበችው። ቋጠሮው ጥብቅ አለ። ደግማ ሳበች። ይባስ ብሎ ጠበቀ። ቀኝ እጅጌ «ኧረ አነቅሽኝ!» ብሎ ሲጮህ ዶሮ ክሩን ትፍት አድርጋ፣ «ሲረዷችሁም አትወዱም» ብላ ወጣች።

ቀኝ እጅጌ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ከግድግዳው ቀዳዳ የአይጥ አፍንጫ ብቅ አለ። አፍንጫው ወደ ግራ አሸተተ፣ ወደ ቀኝ አሸተተ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች አይጥ።

«ሽምብራ ነው» አለ ቀኝ እጅጌ በሹክሹክታ።

«የት?»

«በየቋጠሮው ውስጥ። እኔ ላይ ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ክሯን ቁረጪ፣ ሽምብራውን ብዪ። ለአንቺ ምሳ፣ ለእኔ ነፃነት።»

«እትዬ ክር ብትቆጣስ?»

«ክር ጥርስ አላት?»

«የላትም።»

«አንቺስ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ማን ማንን ይፍራ?»

አይጥ ከተወለደች እንዲህ ያለ የተስተካከለ ፍርድ ሰምታ አታውቅም። ወዲያው ዘላ ወጣችና ቀርጠፍ አደረገች። ክሯ ተበጠሰ፤ ሽምብራው ወደቀ፤ አይጥ ቆረጠመችው። ቀርጠፍ፣ ቁርጥም። ቀርጠፍ፣ ቁርጥም። እትዬ ክር «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች፤ ማን ይስማት። ከአንጓው እስከ ትከሻው ድረስ አንድ ቋጠሮ አልቀረም። ቀኝ እጅጌ ተንጠራራ፣ ተንሰራፋ፣ የተጨማደደ ጎኑን ዘረጋጋ።

ይህን ሁሉ ሲያይ ግራ እጅጌ ምን አደረገ? ወንድሙን የመከረ መስሏችኋል። አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም «አልቅሶ ለመነው» ልትሉኝ አፋችሁን ከፍታችኋል። ዝጉት። ግራ እጅጌ ያለው እንዲህ ነው፤ «አይጥዬ፣ የኔ እመቤት፣ ወደዚህም ብቅ በይ።»

አይጥ ግን ሆዷ ከበሮ አክሏል። «ዛሬስ አንዲትም አትገባልኝ። ሌላ ቀን» ብላ እየተንፏቀቀች ቀዳዳዋ ገባች።

እመት ጉሬዛ ጭራሮዋን ተሸክማ ስትመለስ ውሃው ይንተከተካል። እሳቱን ቆሰቆሰች፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ዓይኗ እንባ በእንባ ሆነ። ሸሚዙን እንደተጠቀለለ በዳበሳ አንስታ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። ቀለሙ እንዲይዝ እፍኝ ጨው ነሰነሰችና ክዳኑን ደፋችበት።

በድስቱ ውስጥ ጌታው ቀለም ነበር። ቀለም የሚቀርበው ሁሉ በሩን እንዲከፍትለት የለመደ ሹም ነው። ወደ ደረት ሄደ።

«ክፈት!» አለ። ደረት ታስሯል፤ አልከፈተም። ቀለም ዙሪያውን ዞሮ ተመለሰ።

ወደ ጀርባ ሄደ። «ክፈት!» ጀርባም አልከፈተም።

ወደ ግራ እጅጌ ሄደ። «ክፈት!»

«ብችል መች እጠላ ነበር ጌታዬ» አለ ግራ እጅጌ። «ክሯ አልለቅ አለችኝ።»

በመጨረሻ ወደ ቀኝ እጅጌ ሄደ። ገና ሳያንኳኳ፣ «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ! ቤቱ የእርስዎ ነው» አለው ቀኝ እጅጌ። ጌታው ቀለም ገባ። ሳሎን ገባ፣ ጓዳ ገባ፣ ከአልጋ ሥር ሳይቀር ገባ። አንዲት ክር ሳትቀር አዳረሰ። እንግዳ ሆኖ የገባው ጌታ ሆኖ ተቀመጠ።

«እውነተኛ ጨዋ አንተ ነህ» አለው ቀለም።

ቀኝ እጅጌ በዚህ ቃል ሰከረ። በሚፈላው ውሃ ውስጥ እየተገለባበጠ ወንድሙን ያበሽቀው ጀመር።

«አየህ ግራው? አንተ እንደታሰርክ ተቀቀል። እኔ ግን የንጉሥ ካባ መስያለሁ። ነገ ሰርግ ላይ ቀድመው የሚጨብጡት ማንን እንደሆነ እናያለን!»

ግራ እጅጌ ቀናበት።

ሸሚዙ ከእሳት ወረደ፣ ቀዘቀዘ። እመት ጉሬዛ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቀለቀችው፣ ጨመቀችው። ከዚያ ደጅ አውጥታ መፍታት ጀመረች። ከደረቱ ላይ የመጀመሪያውን ክር ስትፈታ ሽምብራው ጠብ አለ፤ ነጭ ዓይን ከወይን ጠጁ መሀል ቦግ አለ። ሁለተኛውን ፈታች፣ ቦግ አለ። ሦስተኛውን ፈታች፣ ቦግ አለ። ጀርባውም ዓይን በዓይን ሆነ። ግራ እጅጌን ፈታች፤ ከላይ እስከ ታች ክብ በክብ ተደርድሮ፣ እሱ ራሱ ራሱን አይቶ ደነገጠ።

«እልልል!» አለች እመት ጉሬዛ። «አሁን የሙሽራ አክስት ሆንኩ!»

ከዚያ ቀኝ እጅጌን ዘረጋችው። ቋጠሮ ፈለገች፣ የለም። ገለበጠችው፣ የለም። ወይን ጠጁ እርዱ ላይ ገብቶበት የዝናብ ማግስት ጭቃ መስሏል። አንድም ዓይን የለው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ነፃነት ነው» አለ ቀኝ እጅጌ።

«ጭቃ ነው!» አለች እመት ጉሬዛ።

ልታለቅስ ቃጣት። ሰርጉ ነገ ነው፣ ሌላ ልብስ የላት፣ ሌላ ቀለም የላት። እርር ብላ ተነሥታ መቀሱን አመጣች። ቀኝ እጅጌ መቀሱን ሲያይ ያ ሁሉ ኩራት ከውስጡ ወጣ።

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ ቀኝ ነኝ! እኔ ከሌለሁ በምን ትጎርሻለሽ?»

«በእጄ» አለች። «እስከ ዛሬም በእጄ ነበር የምጎርሰው። አንተ ቀድመህ ወጡ ውስጥ እየገባህ አስቸገርከኝ እንጂ።»

ቅርጭ።

እኔ ለኩራተኛ አላዝንም፤ ተፈጥሮዬ አይደለም። ይህን ስናገር ግን ሆዴ ይባባል። ጥፋት ያጠፋም ቢሆን አብሮት ከተሰፋው ወንድሙ ተቆርጦ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ግራ እጅጌም የዚያን ዕለት ብቻውን ሲሰጣ ንፋሱ እያነሣ ባዶው ጎን ላይ ይጥለው ነበር። የተቆረጠውን እመት ጉሬዛ ወደ በሩ ሥር ወረወረችው። እማማ ጨርቂት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችው፤ ስለ ጥለቷም ትነግረው ጀመር።

በማግስቱ እመት ጉሬዛ ሸሚዙን ለብሳ ሰርግ ሄደች። ግራ ክንዷ በዓይን በዓይን ያጌጠ፣ ቀኝ ክንዷ እስከ ትከሻው ራቁቱን። አፍራ ራቁት እጇን ከኋላዋ ደብቃ ገባች። ግን በግራ እጅ አይበላም! ገበታው ሲቀርብ ሳትወድ በግድ ያንን እጇን አወጣችው። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ከእድምተኞቹ መሀል አያ ቀበሮ ነበር። አያ ቀበሮ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ከተማ ዳር ደርሶ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ጢሙን ጠረገና ተነሣ።

«አያችሁ?» አለ። «የሚበላው እጅ ባዶ፣ ሥራ የሌለው እጅ ያጌጠ። ዝም ብሎ የተደረገ መሰላችሁ? ይህ ጥልቅ ነገር ነው። ከተማ ያሉት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለብሱት። እናንተ ግን ገና አልደረሳችሁም።»

ገና አልደረሳችሁም ከመባል ሞት ይሻላል። ሚዳቋ «እኔማ ገና ስትገባ ነው የገባኝ» አለች። ከርከሮ «እኔማ ከዓመት በፊት አስቤው ነበር» አለ። ጅብ ምንም አልገባውም፤ ቢሆንም ከሁሉም አብልጦ ራሱን ነቀነቀ። እመት ጉሬዛም የደበቀችውን እጇን ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያየው ጎረሰችበት።

ሰርጉ ባለፈ ማግስት ደጇ በእንስሳት ተጥለቀለቀ። ሁሉም ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዙን በብብቱ ይዟል። «የኔን ቀኙን ቁረጪልኝ፣ ግራውን ዓይን ዓይን አድርጊልኝ!» ይላል። ደኅና የነበረ፣ ያልቆሸሸ፣ ያልበደለ ቀኝ እጅጌ ሁሉ ያን ሰሞን ተቆረጠ። ለምን እንደተቆረጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

እመት ጉሬዛ ሽምብራዋን አዘጋጀች፣ ቀለም አስገዛች። ክሯን ስትፈልግ ግን የተረፈውንም አይጥ በሰርጉ ቀን ተመልሳ በጣጥሳ ጨርሳዋለች። ቀኝና ግራዋን ስታይ ዓይኗ በሩ ሥር አረፈ። ያንን የተቆረጠ እጅጌ አንሥታ አራገፈችው። ከትከሻው ጀምራ በቀጭን በቀጭኑ እየሰነጠቀች ቀደደችው፤ ጭርርር፣ ጭርርር። የማሰሪያ ጥቅል ወጣው። እማማ ጨርቂት ወሬዋ ከመሀል ተቋርጦባት ቀረች።

ከጥቅሉ የመጀመሪያውን ቅዳጅ መዝዛ በሚዳቋ ሸሚዝ ላይ ጠመጠመችው። ሸሚዙ ገና ልጅ ነው፤ ውሃ እንኳ ነክቶት አያውቅም።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ትንሹ ሸሚዝ። «ትንፋሽ አጠረኝ።»

እትዬ ክር ብትሆን ቢያንስ «ልጄ» ትለው ነበር። ያ አልታሰርም ያለው እጅጌ ግን ጥብቅ፣ አሁንም ጥብቅ አለበት።

«ዝም በል!» አለው። «የዛሬ ልጆች! እኛ በዚህ ሁሉ ስናልፍ ትንፍሽ አላልንም። እዚህ የደረስነው ታስረን፣ ችለን፣ ታግሠን ነው!»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ግራ እጅጌ ዓይኖቹን ሁሉ አፍጥጦ፣ «እውነቱን ነው ልጄ፣ ትዕግሥት ነው» አለ።

አይጥ ከቀዳዳዋ ሆና ሁለቱንም ሰማቻቸው። ሳቋ አፍኗት ሽምብራው ትን አላት ይባላል።

ተረቱ ይህ ነው፤ የሰማችሁ ለጎረቤታችሁ አትንገሩ፣ እያንዳንዱ ስለ እሱ የተወራ ይመስለዋል። የአይጥን ሳቅ የሰማው ትንሹ ሸሚዝ ግን ያን ዕለት በሚፈላው ውሃ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ገባው፤

መታሰርን ያልቻለ፣ ሲያስር አይራራም።